ልዑልቃል እና የወይዘሮ አገሬ ቅቤ

ልዑልቃል ሲያትል ባሕሩ ዳር ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ መሥራት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከተማው ከመጸዳጃ ቤትና ከኩሽና የሚለቀው ሁሉ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ጨርቁና ፕላስቲኩ ይለቀማል፣ ቅባቱ ከላይ ይገፈፋል፣ ዝቃጩ ከታች ይወጣል፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራውን ሲጠየቅ ግን “ካውንቲ ነኝ” ብሎ፣ የአካባቢው መንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ብቻ ተናግሮ ያልፋል። ጠያቂውም ቢሮ ይመስለውና ያከብረዋል።

ሃሴትን ሊያገባ ሲነሳ ይህ መልስ አላዋጣም። ሽማግሌ ላከ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሲያትል ውስጥ እሁድ ከሰዓት ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ ሽማግሌ ነው።

መጀመሪያ የሄድን ቀን የሃሴት አባት አቶ ይርጉ “ልጁ ምን ይሠራል?” ብለው ጠየቁ።

“ውሃ ያጣራል” አሉ መሪያችን ጋሽ አማረ።

“የሚጠጣ?”

ሦስታችንም ምንጣፉን አየን። በሁለት ሳምንት፣ የልጁን ሥራ በትክክል ይዘን እንድንመለስ ተነገረን።

በቀጠሮው ቀን የሃሴት ወላጆች ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ሾርላይን የነዳን ራሱ ልዑልቃል ነው። በወጉ ሙሽራው አብሮ አይገባም፤ ስለዚህ ሙሉ ሱፉን ለብሶ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጋሽ አማረ የልጁን ሥራ ያሳምርልናል ያልነውን “ኢንቫይሮመንት” የሚለውን ቃል መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱ ነበር። ቤት ገብተን ተቀምጠን ሊናገሩት አፋቸውን ሲከፍቱ የሃሴት እናት ወይዘሮ አገሬ ከምድር ቤት ጮኹ። ሻወሩ ውስጥ ጥቁር ውሃ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

አቶ ይርጉ ወርደው አዩና ስልካቸውን ይዘው ተመለሱ። “ፕላምበሩን ኮል አድርጌው ነበር። ነገ ነው የምመጣው አለኝ።”

“ልጁ እኮ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፤ ሥራው ይኸው ነው!” አሉ ጋሽ አማረ። የሁለት ሳምንት ምክራችን በአንድ ትንፋሽ ገደል ገባ።

ልዑልቃል ጓንቱን አድርጎ፣ ከመኪናው ረጅም ሽቦ ይዞ መጣ። ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት አዘዘ። ጓሮ ሄዶ ሣር የሸፈነውን የቱቦ ክዳን ፈለገና ፈታው። ቤት ውስጥ ይወጣ የነበረው ሁሉ በጓሮው ፈሰሰ፤ ሱሪውም ድርሻውን አገኘ። ከዚያ ሽቦውን ወደ ቱቦው ሰደደና ቡጢ የሚያህል ነጭ ጓል ጎትቶ አወጣ። ከዚያ ሁሉ ግማት መሐል ኮረሪማ ይሸት ነበር።

ወይዘሮ አገሬ ቅቤ አንጥረው ለግማሽ ሾርላይን ያድላሉ። በእሳቸው ቅቤ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው የለም።

“ምንድን ነው?” አሉ አቶ ይርጉ።

ጋሽ አማረ ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ አሉ። “የዛፍ ሥር ነው በል።”

ልዑልቃል በመስኮት የምታየውን ሃሴትን ቀና ብሎ አያት። “ቅቤ ነው” አለ። “እትዬ፣ የድስቱን ጥራጊ በሙቅ ውሃ ይደፉታል አይደል? እዚህ ሲደፉት ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ ግን ይቀዘቅዝና ይረጋል።”

“የእኔ ቅቤ?”

“አዎ። ያለፈውን ደግሞ ጣቢያ ላይ እኛ እንገፍፈዋለን።”

ሰርጉ በዓይኔ ፊት ሲፈርስ ታየኝ። ተናደድኩ። አንድ የዛፍ ሥር ምን ነበረበት?

“ይሄን ነው በየቀኑ የምትሠራው?” አሉ አቶ ይርጉ።

“አዎ ጋሼ።”

“ታዲያ ምን አስደበቀህ?”

“አፍሬ ነው።”

ወይዘሮ አገሬ ወደ ጓሉ ጎንበስ አሉ። ጠጋ ብለውም አሸተቱት፤ የራሳቸው እጅ መሆኑን መካድ አልቻሉም። ወደ ቤት ገብተው ጠፉ። አለቀልን ብዬ የመኪናውን ቁልፍ ልጠይቀው ስል አዲስ ፎጣና የባላቸውን ቱታ ይዘው ተመለሱ።

“ሻወሩ አሁን ይሠራል?” አሉት።

“ይሠራል፣ እትዬ።”

“ጫማህን እዚህ አውልቅና ገብተህ ታጠብ።”

“ኧረ ወጉ!” አሉ ጋሽ አማረ። “ሙሽራ ዛሬ ቤት አይገባም።”

“በአማቱ ቤት ማን ከልክሎት!” አሉ ወይዘሮ አገሬ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እየጣሉ።

አቶ ይርጉ መልሳቸውን ሊሰጡን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጁ ግን ገብቶ ውሃውን ከፍቷል።