ለዕጣ የተሰጠው ሳንጃ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ በሰፈራችን፣ በፋሲካ ማለዳ ነው። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ አላየሁም ነበር። ዛሬ አያት ሆኜም ሥጋ ሲቆረጥ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም ምራቄን እተፋለሁ።

የሰፈሩ ሰዎች በሬ ገዝተን ቅርጫ እንገባ ነበር። ጾሙን የጾምነውም፣ ሚሲዮን የሚሄዱትም፣ ባለሱቁ ጉራጌም አንድ ላይ ነን። መደቦቹ እኩል መሆናቸውን ሳላይ ዕጣ አይጣልም። ከአንዱ መደብ ጉበት ከጎደለ እጮሃለሁ። ወንዶቹ "ዳኛዋ መጣች" ይሉኛል። ይበሉ።

በዚያ ዓመት ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ከቅርጫችን ገባ። ስሙን ልተወው። ይህ ሰው ሳንጃ ይሰበስባል። ጠመንጃውን አይፈልግም፣ ሳንጃውን ብቻ። የእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ግድግዳ እንደ ወስፌ በሾለ የውጅግራ፣ በሚታጠፍ የጣሊያን፣ በምንሽር ሳንጃ ተሞልቷል። ለሰላምታ የገባ ሰው ሁሉ ብረቱ ላይ የተመታውን ፊደልና ቁጥር ሳያስነብበው አይለቀውም።

ያን ዕለት በሬው ተገፍፎ ሳያልቅ የአራጁ ቢላዋ ዶለዶመ። ጸሐፊው ሮጦ ቤቱ ገባና አንድ የተሳለ ሳንጃ ይዞ መጣ። "እንካ፣ በዚህ ሞክረው" አለው። እውነት ለመናገር ሥጋውን እንደ ጎመን ከተፈው። በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ተደረገ፤ እኔም ዞሬ አየሁ፣ እኩል ነው።

ጸሐፊው ዝም ብሎ መቆም አልሆነለትም። "ይህ የምንሽር ነው። ብረቱን እዩት፣ ምንም አልሆነም። ዋጋውን የጣለው እጀታው ነው፤ አንዱ ባላገር እንጨቱን አውልቆ የጎሽ ቀንድ በሽቦ አስሮበታል" አለ።

"ከየት አገኘኸው?" አለው አራጁ።

"ከሲሬ። ከመሬት ውስጥ፣ ከነባለቤቱ ተኝቶ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው አሳየኝና አስቆፈርኩት። ባለቤቱ እንኳ አልተከራከረኝም!" ብሎ ሳቀ። "አፎቱ በስብሶ ከጎድን አጥንቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። በላምባ ዘፍዝፌ፣ በአሸዋ ፈትጌ ነው ያስለቀቅኩት።"

አራጁ እጁን አየ። እኔ ሥጋውን አየሁ።

ከኋላዬ ጎረቤቴ አዴ ድንቄ ቆማ ነበር። ባሏ በጣሊያን ጊዜ ሲሬ አጠገብ ወድቆ፣ ጓደኞቹ እየተተኮሰባቸው በችኮላ እዚያው የቀበሩት ነው። መጣችና ሳንጃውን ከኮባው ላይ አንስታ ቀንዱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ከን አባ ወራ ኮቲ" አለች ቀስ ብላ። የባለቤቴ ነው ማለቷ ነው። "ቀንዱን ሲያስር የያዝኩለት እኔ ነኝ። የመዳብ ሽቦው ቢያጥረው ከናስ አምባሬ ቆርጦ ጨረሰው።"

አየነው። ከቀዩ ሽቦ ጫፍ ላይ ቢጫው ናስ አለ።

ሰው የተባለ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ጸሐፊው ግን ደስ አለው! "የማን እንደነበር መታወቁ ትልቅ ነገር ነው" አለ። እንባዋን ሲያይ ቤቱ ተመልሶ ሦስት ሌሎች ሳንጃዎች ታቅፎ መጣ።

"እማማ፣ ይምረጡ። ሁሉም የምንሽር ናቸው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ። እጀታቸውም አልተነካም። ከእርስዎው ይሻላሉ እንጂ አይጎዱም። ያኛውን ግን ይመልሱልኝ፣ ብዙ ደክሜበታለሁ።"

ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። መሥሪያ ቤት ጉዳይ የሌለው ማን አለ? ፈሩት። አንዱማ "ሥጋው እንደሆነ እሳት ያየዋል፤ ዕጣው ይጣልና እንሂድ" አለ።

"ይጣል!" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። "በሉ፣ ዕጣችሁን አዋጡ።"

ቅርጫ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ የራሱን አንድ ነገር ለዕጣ ይሰጣል፤ የልብስ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ስንጥር። የሌላ ሰው ዕቃ ለዕጣ አይሰጥም። የወደቀ ዕጣም የሰጪው ነው፣ ክርክር የለውም። ሻሼን ዘርግቼ ዞርኩ። ጸሐፊው የኮቱን ቁልፍ በጥሶ ሰጠኝ። አዴ ድንቄ ጋ ስደርስ "ዕጣሽን አምጪ" አልኳት። ፊቴን አየችው። ከዚያ ሳንጃውን ሻሼ ላይ አስቀመጠችው።

"እሱ እኮ የኔ ነው!" አለ ጸሐፊው።

"አንተ ቁልፍህን ሰጥተሃል። ለአንድ ሰው ሁለት ዕጣ የለም" አልኩት።

ዕጣ የሚጥሉልን ሽማግሌው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ሻሹን ተቀብለው ወደ መደቦቹ ሄዱ። ከዚያ ሳንጃውን ከዳር ባለው መደብ ላይ አጋደሙት። "የድንቄ ዕጣ ወድቋል። የሚከራከር አለ?" አሉ።

አልነበረም።

አዴ ድንቄ ሳንጃውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሥጋውን ኮባው ላይ ትታ ሄደች። እኔም ድርሻዬን ተውኩ። ባለሱቁ ተወ፣ አራጁ ተወ፣ "እሳት ያየዋል" ያለውም አፍሮ ተወ። ጸሐፊው ብቻ የራሱን አስሸክሞ ገባ። ከሰዓት በኋላ የጥብሱ ሽታ አጥራችንን አልፎ መጣ። ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ሳንጃውን ሲሬ ወስደን ከባለቤቱ ጋር ልንመልሰው በተነሳንበት ጠዋት ጸሐፊው ደጃፌ ላይ ቆመ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ነበር። "ወይዘሮ፣ ከመቀበሩ በፊት ቁጥሩን ብቻ ልገልብጥ፣ ይለምኑልኝ" አለኝ።

ሄጄ ለአዴ ድንቄ ነገርኳት። "ቁጥሩን አላውቅም፤ ስሙ ጉተማ ነበር በይው" አለች።

ተመልሼ ነገርኩት። ሰውዬው ብዕሩን ከኪሱ አወጣና "ጉተማ ማን?" አለኝ።

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

ብዙ ዘመን አለፈ፤ እሱም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ግን ያ ጥብስ ብቻ አይደለም። አንዱን አስመለስን። ግድግዳው ላይ የቀሩት የነማን እንደነበሩ ማን ጠየቀላቸው? ዛሬም ቢላዋው ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ የቅርጫ ሥጋ አልነካም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።