ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ሸራ ጫማ

ፖሊስ ለመሆን ሃምሳ ኪሎ ያስፈልጋል። እኔ አርባ ሰባት ነበርኩ።

ሌላው ሁሉ ሞልቶልኛል፤ ሳልኩራራ ነው የምነግራችሁ። ቁመት አለኝ። ጥርሴ አንድም አልጎደለ። ሩጫ ከተባለ ከአዋሽ ጣቢያ እስከ ድልድዩ የሚቀድመኝ ባቡሩ ብቻ ነው፣ እሱም ካልተበላሸ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ መምህሩ የሚያስተምረኝ ስላለቀበት ነው እያልኩ አወራ ነበር። ማንበብና መጻፍ ይበቃል ስለተባለ በዚያ በኩል አላሰብኩም። የጎደለኝ ሦስት ኪሎ ብቻ ነው።

ለምን ፖሊስ መሆን እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። ያኔ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለምል ነበር። ታላቅ ወንድሜ በመጀመሪያው ዙር ሄደ። ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው የከበደኝ የሚል አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ያቺን ደብዳቤ እያመጣች ስንቴ እንዳስነበበችኝ አላህ ይወቀው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ሳላይ ነበር የማነብላት። ቀጣዩ ዙር ደግሞ የኔ ነበር። ፖሊስ የሆነ ሰው ግን ጦር ሜዳ አይላክም ይባላል። እና ባቡር የሚፈትሹት፣ እኛ ፊናንስ የምንላቸው የኬላ ፖሊሶች አዲስ ሰው ይቀጥራሉ ሲባል እናቴ ቀኑን ሙሉ ስታስብበት ዋለች። ሲመሽ «አንተ ትገባለህ» አለችኝ። 

አስቂኙ ነገር፣ እናቴ የዕድሜዋን ግማሽ ከፊናንስ ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት። ከወሎ መጥታ አባታችን ሲሞትባት ከድሬዳዋ ልብስና ኩባያ እያመጣች ነው በባቡር ነግዳ ያሳደገችን። ሁለት ጊዜ ተይዛለች። ዘዴውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነጋዴ ዕቃውን አንድ ላይ አይዝም። አንዱን ለዚች፣ ሌላውን ለዚያ፣ ኬላ እስክናልፍ ያዙልኝ ብሎ ለተሳፋሪ ይበትነዋል። ፈታሽ ሲመጣ ሁሉም የራሱ አስመስሎ እቅፍ ያደርጋል፤ ኬላው ሲታለፍ ባለቤቱ ይሰበስባል። እምቢ የሚል ሰው የለም፣ ነገ እሱም ያስይዛላ።

ታዲያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ አመልካቹም ቤተሰቡም ከኢኮኖሚ አሻጥር የጸዱ ናቸው የሚል። እናቴ ሊቀመንበሩ ፊት ቆማ ዳግመኛ ባቡር ላይ ላትነግድ ማለች፣ ጣቷንም አስቀብታ ፈረመች። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሰጠኝና ከዛሬ በኋላ ከተያዘች ወረቀቱ ውድቅ እንደሚሆን፣ እኔም የዙሩ የመጀመሪያ ሰው እንደምሆን ነገረን። እንደ ምርቃት ነው የተናገረው፣ ፈገግ ብሎ።

ሚዛኑን እናንሳ። አዋሽ ላይ ሰው የሚመዝን ሚዛን የለም፣ ስለዚህ የመዘኑን ጣቢያው ውስጥ የቡና ጆንያ በሚመዘንበት የዕቃ ሚዛን ነው። በቁምጣ ብቻ ተሰልፈናል። እናቴ በዚያን ጠዋት ከሐዲድ የወላለቁ ብሎኖች በጨርቅ ጠቅልላ ጭኔና ጭኔ መሃል አሰረችልኝ፤ እሷ ያሰረችው ነገር አይወድቅም። አረማመዴን ያየው፣ ጤናችንን የሚመረምረው ድሬሰር «ኪንታሮት አለብህ እንዴ?» አለኝ። የጀግና አረማመድ ነው አልኩት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሚዛኑ ሃምሳ ላይ ወጣ፣ ትንሽም ተረፈው። ከኋላዬ የነበረው አብሮ አደጌ በአንድ ኪሎ ወደቀ። በወሩ በቀበሌ መኪና ተጭኖ ሄደ፣ እስካሁን ደብዳቤ እንኳን አልጻፈም። ብሎን እንዳለ ብነግረው ምን ነበረበት? ያን ቀን እኔ ስለራሴ ጉብዝና ሳወራ ነበር።

ያለፍን ሰዎች ማሠልጠኛ ከመግባታችን በፊት ሁለት ሳምንት ባቡር ላይ ለሙከራ ተመደብን። አለቃችን አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ከደጋ በቅርቡ የመጣ፣ ሙቀቱን ገና ያልለመደ ሰው። በሥራው ታማኝ ነው፣ ግን ባቡሩን አያውቅም። ከረጢት እየከፈተ የሰው ቆሎ ይበረብር ነበር። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። አፌ እኮ ነው ጠላቴ። በሁለተኛው ቀን ጎኑ ሄጄ «ሃምሳ አለቃ፣ ዕቃውን ተወው፤ ዓይን ተመልከት» አልኩት። ያን የሚበትኑትን ነገር፣ ያን ሁሉ ዘዴ ዘረገፍኩለት። ዕቃው የራሱ የሆነ ሰው ሲፈተሽ ዕቃውን ያያል። የሰው ዕቃ የያዘ ግን ዕቃውን አያይም፣ ባለቤቱን ነው የሚያየው። ያን ዓይን ተከትለህ ሂድ፣ ባለቤቱ ጋ ያደርስሃል አልኩት።

ይሄን ማን አስተማረኝ? እናቴ። ዕቃ ስታስይዝ ሰዎቹን «እኔን እንዳታዩ፣ ዓይን ያስታውቃል» ትላቸው ነበር።

ሃምሳ አለቃው ሞከረው፣ ሠራለት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና አንተ ቀጫጫ፣ መኮንን ትሆናለህ አለ። እውነቴን ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ መሬት አልረገጥኩም። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስለ ጀግንነቴ አወራለሁ፤ ስለ ዓይኑ ዘዴ ግን አልነገርኳትም። ያቺ ብቻ ከአፌ አልወጣ አለች።

በዚያው ሳምንት ወደ ማሠልጠኛው ይዘን የምንሄደው ዕቃ ዝርዝር ተሰጠን። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሸራ ጫማ፣ ሁለት ነጭ ካናቴራ፣ የቆርቆሮ ሳህንና ኩባያ፣ ፎጣ፣ ሳሙና። ያላሟላ ከበር ይመለሳል ይላል። ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳሙናና ጨው ብቻ ነበር፣ ሌላው በከተማው የለም። ግድ የለሽም፣ እኔን ከበር የሚመልስ ሰው አልተወለደም አልኳት። እሷ የጫማ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዘጠኝ አልኳት። በማግስቱ መተሐራ ለቅሶ አለብኝ ብላ ሄደች። ለቅሶ ነው አለች፣ አመንኩ። የሚደረስ ለቅሶ መቼ ጠፍቶ።

ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የድሬዳዋው ባቡር ረፋድ ላይ ገባ። ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ገና ስንገባ አንድ መነጽር ያደረገ፣ መምህር የሚመስል ሰው ሸራ ጫማ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። እግሩ ግን ጀልባ ያክላል። ጫማውን አነሳሁና ቁጥሩን አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄን የሚያደርጉት በአውራ ጣትዎ ላይ ነው?» አልኩት። ፉርጎው ሳቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ የኔው ቁጥር ነው ብዬ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ሞቅ አለኝ። ቀጥሎ አንዲት ተማሪ ሳህንና ኩባያ በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። አንድ ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ሁለት ነጭ ካናቴራ በኮታቸው ላይ ደርበው ላብ በላብ ሆነዋል። ፎጣው አንዲት አራስ ትከሻ ላይ ነው። ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ወዛደር ተቀምጦበታል። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ እየቀለድኩ፣ ለሃምሳ አለቃው አቀብላለሁ።

እሱ ግን ዕቃውን አልነበረም የሚያየው። ትምህርቱን ይዞታል። አምስቱም ሰዎች ዓይናቸውን የወረወሩት ወደ አንድ ጥግ ነው። ሃምሳ አለቃው ቀጥ ብሎ ወደዚያ ሄደና ቆመ።

እናቴ ናት። ሻሿን ዝቅ አድርጋ ተቀምጣለች።

ያኔ ነው ዝርዝሩ የገባኝ። ብርድ ልብስ፣ ሸራ ጫማ፣ ካናቴራ፣ ሳህን፣ ኩባያ፣ ፎጣ። የቀረው ሳሙና ብቻ ነበር። ከያንዳንዱ አንድ አንድ፣ ካናቴራው ሁለት፣ ልክ እንዳነበብኩላት። የትኛው ነጋዴ ነው እንደዚህ አንድ አንድ የሚያመጣ? ሃምሳ አለቃውም ገርሞታል። ጫማው ለማን እንደሆነ ጠየቃት።

«ልጅ አለዎት?» አላት።

«የለኝም። አንድ ነበረኝ፣ ጦር ሜዳ ሄዶ ቀረ።»

ድምፅዋ ደህና ነበር። ብርድ ልብሱን ነው የምታየው። ከዚያ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ፤ ያገሩ ልጅ እኔ ነኝ፣ ሁሉንም አውቃለሁ ስል ነው የከረምኩት።

«ታውቃቸዋለህ እኚህን ሴትዮ?»

አሁን በዚህ ቦታ ላይ ቀልድ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

«አላውቃቸውም» አልኩ። እናቴን አንቱ ብዬ።

ባቡሩ ውስጥ የሚያውቁን ሰዎች ነበሩ። የሷ ጓደኞች፣ ስወለድ ያዘሉኝ። አንድም ሰው አልተናገረም። አንዷ ብቻ ወደ ውጭ ተፋች።

የኬላው ጸሐፊ ቃሏን ሲቀበል ስሟን ለወጠች፣ ስለ ልጅ ሲጠይቃትም የለኝም አለች፤ እሱ «ልጅ የላትም» ብሎ ጻፈ። ከስሩ ጣቷን ቀብተው አስፈረሟት። ባለፈው በዚያው ጣት ነው የኔን ደብዳቤ ያስገኘችልኝ። ከኬላው ጀርባ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገቧት። በዚያ ሰሞን አዋሽ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። እና ተራ ደርሶኝ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። ለእስረኛ ምግብ የሚያመጣ ቤተሰብ ነው፤ እሷ ደግሞ ቤተሰብ የላትም ተብሎ ተጽፏል። የራሴን ዳቦና ሻይ የኬላ ነው ብዬ አስገባላት ነበር። ሰው ካለ አላህ ይስጥልኝ ጌታዬ ትላለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሁሉም በሙቀት ተዘርሮ ተኝቷል። ወደ በሩ ተጠጋሁና «እማ» አልኩ። ደግሜ «እማ፣ ልንገራቸውና ከፖሊስነቱ ልውጣ» አልኩ።

«ሂድ ከበሩ ላይ» አለችኝ፣ በቀስታ። «ወንድምህን በልቤ ቀብሬዋለሁ፣ አንተን አልደግምም። ዓይንህ ያስታውቃል፣ ሂድ።»

ሄድኩ። ይኸው ነው። የሚቀድመኝ የለም ያልኳችሁ እግር ለዚህ ሆነ።

ሙከራው ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው ከሁሉም አንደኛ አደረገኝ። ሽልማት ብሎ ከተያዘው ዕቃ ላይ ሰጠኝ፤ ጫማውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም። ቁጥርህ ነው ብለሃል አይደል አለና ሳቀ። ሳሙናውን ቀበሌ ሱቅ ገዛሁ። ማሠልጠኛው በር ላይ አንድ በአንድ አዩና አሟልቷል ብለው አስገቡኝ። ስድስት ወር በዚያ ጫማ ሮጥኩ። ሰልፍ፣ ተኩስ፣ ሕግ፣ የፖለቲካ ትምህርት። ፍተሻ የሚባል ትምህርትም ነበር፣ ከሁሉ ጥሩ ያመጣሁት በሱ ነው።

እሷን አንድ ዓመት ፈርደውባት ወደ ሌላ ከተማ ወሰዷት። ሄጄ አልጠየቅኋትም። ምኗ ነኝ ብዬ? መዝገቡ ላይ የለሁም። ስትፈታ አዋሽ አልተመለሰችም፣ ቤቱንም ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

እኔን የመደቡኝ ሰመራ ነው። ሰመራ ስላችሁ ከተማ እንዳይመስላችሁ፣ ሜዳ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስ፣ አልፎ አልፎ ፍየል የሚነዱ አፋሮች። ኬላው ሁለት በርሜልና አንድ ገመድ ነው። ከአሰብ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች እዚህ ይቆማሉ፣ እኛ እናያለን፣ ይሄዳሉ። አብሮኝ ያለው አዲስ ምልምል ነው። የዓይኑን ዘዴ ለሱም አስተምሬዋለሁ፤ አፌ መቼ ይማራል።

ባለፈው ወር ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና ቆመ። ጋቢናው ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ሹፌሩ ሚሌ ላይ ሻይ ቤት አላት፣ አሰብ ደርሳ መመለሷ ነው አለኝ። ከቆርቆሮው ቤት ወዲህ ከስታለች። ዘንቢሏን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ይፈትሹ ጌታዬ፣ ምንም የለበትም።»

እጄን ከተትኩ። ትንሽ ሩዝ፣ ተምር፣ አንድ ጣሳ ዘይት። ረጅም ጊዜ ነው የፈተሽኩት፤ ሩዙን በእጄ እያገላበጥኩ ቆየሁ። አንዴ ብቻ ቀና በይ እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። እሷ ዘንቢሏን ነው የምታየው። ከዘንቢሏ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ምልምሉ አጠገቤ እንደቆመ ከኔ ቀድማ አይታዋለች።

«ጨረስኩ እናት፣ መልካም መንገድ» አልኳት። ገመዱን አወረድኩ፣ መኪናው ሄደ።

ምልምሉ ትምህርቱን ሊያሳየኝ ፈለገ። ሴትዮዋ ንጹሕ ናት፣ የራሷን ዕቃ ብቻ ነው ያየችው አለኝ። ልክ ነህ አልኩት። አቧራው ወደ ሚሌ እየራቀ ነበር።

«አለቃ፣ አንተ ግን እስካሁን መኪናውን እያየህ ነው» አለኝ።

  ገመዱን መልሼ አሰርኩት።