ለአፍራሹም የተነሡት አጎቴ

አጎቴ ሰው ሲገባ ተቀምጠው ቀርተው አያውቁም። ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባለው ሰፈራችን በነበረው ጥንታዊ መጠጥ ቤት እንኳ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉ ነበር። ይህ የአክብሮት ሰላምታ እንደሆነ፣ መልሱም «በእግዜር» መሆኑን ለጀርመኖቹ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

መጠጥ ቤቱ እንዳይፈርስ ፊርማ ስናሰባስብ፣ ሊያፈርሰው የገዛው ሰውዬ ስብሰባችን ላይ መጣ። አጎቴ ተነሡለት።

«ጋሼ፣ ለአፍራሽም ይነሣሉ እንዴ?» አልኳቸው ተናድጄ።

«እሱ ቤት ቢያፈርስ እኔ ወግ ላፍርስ? ዝም በይ፣ መምህሯ!»

ሰውዬው ቀና ብሎም አላያቸው። ቤቱን አፈረሰው፤ ዛሬ መኪና ይቆምበታል።

አጎቴ አርፈው ለቅሶ ቤት ስደርስ፣ የመጠጥ ቤቱ ደንበኛ ጀርመኖች ወንበራቸውን እየገፉ ተነሥተው «ኖር!» አሉኝ። «በእግዜር» ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ጋሼ፣ መላእክት ብድግ ብለው ይቀበሉዎት። ያ ሰውዬ እኔ ባለሁበት ቢገባ ግን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልነሣም።