አብራው የተነፈሰችው ሴት

ነገሩ የሆነው አምና በማንጎ ወቅት ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች።

አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ያረጀ ገበሬ ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቱ "ሌላ ሰው ቅርንጫፍ ይሰብርብኛል" ብሎ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ቅርንጫፉን ራሱ ሰብሮት ወደቀ። ሆስፒታል ስናደርሰው አራት ጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባው ተጎድቶ ነበር። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጠውና አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን፣ ከማሽን አየር የሚገፋ ጭንብል አደረገለት። "ይህን ከለመደ ጥሩ ነው። ካልቻለ በጉሮሮው ቱቦ አስገብተን አዲስ አበባ መላካችን ነው" አለኝ። ያን መንገድ የሚችለው አልመሰለኝም።

አባቴ "አፈነኝ" እያለ ጭንብሉን አወለቀው። ነርሷ መልሳ አደረገችለት፤ ደግሞ አወለቀው። በሦስተኛው ሁለት እጁን በጉልበት ያዝኩና ጮህኩበት። በሕይወቴ እንዲያ ጮሄበት አላውቅም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

አጠገባችን እግሩ የተሰበረ ባሏን የምታስታምም ሐዋ የምትባል የሆሞሻ ሴት ነበረች። ተነስታ መጣችና እጄን ቀስ ብላ አላቀቀችው። ነርሷን አስፈቅዳ ጭንብሉን ለራሱ ለአባቴ አስያዘችው።

"አባባ፣ አንቺ አትፍሪ" አለችው። "ሹያ ሹያ፣ ቀስ። ማሽኑ ሲሰጥ ተቀበዪ፣ ከኔ ጋር።"

አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የምትለው። ቤቱ ውስጥ ሁላችንም የምንፈራው አባቴ በጭንብሉ ሥር ፈገግ አለ። አየሩ ሲገፋ ደረቷን ሞልታ ትስባለች፤ እሱም ይስባል። ስትለቅ ይለቃል። እንዲህ ሲሉ ከቆዩ በኋላ ነርሷ ማሰሪያውን አጠበቀችለት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ አይቶት "ቱቦው አያስፈልግም" አለ።

በማግስቱ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሐዋና ባሏ ወደ አገራቸው ሄደዋል። በወጉ እንኳ አላመሰገንኳትም።

ሰሞኑን አባቴን እጁን ስለያዝኩበት ይቅርታ ጠየቅኩት።

"ተይው ልጄ" አለኝ። "እኔን እሷ አጽናናችኝ። አንቺን ያጽናናሽ ሰው አልነበረም።"

ሆሞሻ በሄድኩ ቁጥር ገበያው ውስጥ የሴቶቹን ፊት እያየሁ እዞራለሁ። አባቴ ደህና መሆኑን ሐዋ ከኔ አፍ እንድትሰማ እፈልጋለሁ።