ኮዱ ያልተሰጠን ፓምፕ

በከተማችን የውሃ ማምረቻ ረዳት ኤሌክትሪሺያን ሆኜ የገባሁ ቀን፣ የጥገና ኃላፊው አቶ ዱካሞ ቴስተር፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ሰጡኝና ፓምፕ ቤት ወሰዱኝ። ሞተሩ እየሠራ ነበር። "እጅህን አስቀምጥበት" አሉኝ። አስቀመጥኩ። "የጤነኛ ሞተር ሙቀት ይኼ ነው። ከዚህ ከበለጠ ሳይቃጠል ታጠፋዋለህ።"

ያኔ ፓምፖቻችን ያረጁ ነበሩ። ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ፤ ግን እኛው ፈተን እኛው እንገጥማቸዋለን። ሞተር ከተቃጠለ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ፣ የሞተር ሽቦ በአዲስ የሚጠመጥም ባለሙያ ጋ እንወስደዋለን። ውሃ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋና መቼ እንደሚመጣ ለሰው መናገር እንችል ነበር።

በኋላ አንድ የውጭ መንግሥት አዲስ ማምረቻ ሠራልን። ፓምፖቹን የሚያዛቸው በር የሚያህል፣ ኮምፒውተር ያለበት መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ፓኔል ነው። እኔ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስለነበር አገራቸው ሄጄ ሠለጠንኩ። ያስተማሩኝ ማስነሳትና ማቆም ነው። ስለ ውስጡ ስጠይቅ "እሱን እኛ እናየዋለን" ይሉኛል።

የርክክቡ ቀን ሐይቅ ዳር ሆቴል ምሳ ተጋበዝን። የፓኔሉን ፕሮግራም የሚከፍተው ኮድ አልተሰጠንም ነበርና ልጠይቅ ስነሳ አቶ ዱካሞ ክንዴን ያዙኝ።

"ተው ልጄ፣ እንግዶቹ ፊት አታሳፍረን። ይኼን ሁሉ ሰጥተውን?"

ተቀመጥኩ። አጨበጨብን።

አንድ ቀን በበጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓኔሉ ቀይ አበራና ፓምፖቹ አልነሳም አሉ። ሞተሮቹን በቴስተር ለካኋቸው፤ ደህና ናቸው። ስክሪኑ ግን ኮድ ይጠይቃል። ፓኔሉን የሠራው የውጭ ኩባንያ ጋ ተደወለ። ባለሙያ እስኪመጣ አትንኩ ተባልን።

የከተማው ግማሽ ደረቀ። ሲስተር አስቴር የምትባል አዋላጅ፣ በቡሹሎ መንገድ ካለች ትንሽ ክሊኒክ በባጃጅ ተነስታ ፓምፕ ቤቱ ድረስ መጣች።

"ወንድሜ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ውሃ ይዘሽ ነይ እያልኩ ነው። ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ምንም አልተበላሸም።"

"ታዲያ ለምን አታስነሳውም?"

"ኮዱን አልሰጡንም።"

አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከማጠራቀሚያው የቀረውን ውሃ በጄሪካን ቀድቼ ባጃጁ ላይ ጫንኩላት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ባለሙያው ብዙ ቆይቶ ደረሰ። ትሁት ወጣት ነው። ላፕቶፑን ፓኔሉ ላይ ሰካ፣ ወደ አገሩ ደወለ፣ ስክሪኑን በጀርባው ከለለብኝና የሆነ ነገር ጻፈ። ፓምፖቹ ተነሱ። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ በዚያች ሰዓት ሥራዬ የሰውየውን ቦርሳ መያዝ ነበር።

"ኮዱን ስጠን" አልኩት።

"ለእኔም ገና አሁን ነው የነገሩኝ" አለኝ፤ "ስሄድ ይቀይሩታል።" እሱም አፍሮ ነበር።

አቶ ዱካሞ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ባለሙያው ሲሄድ ጠጋ ብለው "ያን ቀን ዝም ያሰኘሁህ እኔ ነኝ" አሉኝ።

"እኔም እሺ ብዬ ተቀምጫለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ጡረታ ልወጣ ስል፣ ያው መንግሥት ማምረቻውን ሊያስፋፋልን ስለሆነ ስብሰባ ተጠራ። እንግዶቹ ባሉበት ተነስቼ "ኮዱንና የሽቦውን ንድፍ ካልሰጣችሁን አንረከብም" አልኩ። አለቆቼ በኋላ ቢሮ ጠርተው ተቆጡኝ። ንድፉ ተሰጠን፤ ኮዱ አልተሰጠንም። ዛሬም ፓኔሉ ሲቆም የሚደወለው ወደ ውጭ ነው። ሲስተር አስቴርን ከሩቅ ሳያት እስካሁን መንገድ እቀይራለሁ።

አሁን እዚያ ለምትሠሩ ልጆች የምለው አጭር ነው። አዲስ ማሽን ሲመጣላችሁ፣ ሲቆም እናንተ የምታስነሱበትን ሳይሰጧችሁ አትረከቡ።