ቲማቲሙን ጠበል የረጨሁት ሰሞን

ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው ቦታችን ቲማቲም የተከልነው በልጄ ሐሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ተክል ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሥራ ግን የለም። ደብረ ሲና ያለ አንድ ደላላ ዐረብ አገር ልላክሽ እያለ ይነዘንዛታል። በባሕር የሄዱት የደረሰባቸውን ሰምቻለሁና ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ።

«ቲማቲሙ ከያዘልን አልሄድም» አለችኝ። «ካልያዘ ግን እማዬ፣ አታልቅሽብኝ።»

አበባ ሲያወጣ ታችኛው ጥግ ካሉት ጥቂቶቹ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ዙሪያው ቢጫ። የታመመውን ነቅላ ቀበረችና ውኃ ጠዋት ብቻ፣ ያውም እግሩ ሥር እንዳጠጣ፣ ሲመሽ ቅጠሉን ፈጽሞ እንዳላረጥብ አስጠነቀቀችኝ።

«ሲመሽ ምን አለ?»

«ነጥቡን ያመጣው ባክቴሪያ ብርሃን ያውቃል። መንጋት መምሸቱን ይለያል። ብርሃን ሲያገኘው ባለበት ይጣበቃል፤ ሲጨልም ደግሞ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነለት እየዋኘ መግቢያ ቀዳዳ ይፈልጋል።»

«ዐይን አለው እንዴ?»

«እንደ ዐይን ያለ ነገር አለው።»

«ቡዳ ነው በይኛ።»

ሳቀችብኝ። «ቡዳስ በስንት ጣዕሙ፤ የያዘውን ያስለፈልፈዋል። ይሄ ዝም ነው።»

እሷ ስቃ ተወችው፤ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ውስጥ የማላየው ነገር እኔን የሚያየኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በጀሪካን አመጣሁ። እሷ ራት ልትሠራ ስትገባ ቅጠል እየነከርኩ ከተነቀለው አጠገብ ያለውንም ራቅ ያለውንም ረጨሁት። ሰባት ቀን፣ ሲመሽ ሲመሽ። የከለከለችኝ ውኃ ነው፤ ጠበል ከውኃ ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ነጥቡ ማሳውን አዳረሰው፤ ፍሬው ሳይቀር ተዥጎረጎረ። ልጄ መደዳው መሐል ቆመች።

«ካፊያ እንኳ አልጣለም። ቅጠሉን ምን አረጠበው?»

«ጠበል ነው» አልኳት።

«ስንት ቀን?»

«ሰባት።»

«ሲመሽ?»

«ሲመሽ።»

ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ቁጭ ብላ አንዱን ቅጠል ገልበጥ አደረገችና «ለእኔ ብለሽ ነው» አለች።

«ደግመን እንትከል።»

«የምናጠጣበት ምንጭ ሊደርቅ ስንት ሳምንት ቀረው፣ እማዬ?»

እኔም አውቀዋለሁ፤ አይደርስም።

ቅዳሜ ጠዋት በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደብረ ሲና ሄደች። አላለቀስኩም፤ እንዳላለቅስ ነግራኛለች። ያን ቀን ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሻገር ቲማቲሙን በሙሉ ስነቅልና ስቀብር ዋልኩ። ብዙ ነበር፤ እሑድንም ጨመርኩበት። ጅቡቲ ደርሳለች ያለኝ ሰው አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አየኋት የሚል አላገኘሁም።