ከቀዩ መስመር በታች

ስልኬ ላይ ድምፅ በቀረጽኩ ቁጥር «ጫጫታው ይወገድ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል። ሁልጊዜ «አይ» የሚለውን እጫናለሁ። ወዲያው የጋለ ኮምፒውተር የአቧራ ሽታ ይመጣብኛል፤ ሰቆጣ ገበያ ዳር የነበረችው፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠው ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ቤት።

እናቴና እኔ እዚያ የሄድነው እህቴ ከአረብ አገር የላከችውን ካሴት ይዘን ነበር። ከካሴቱ በኋላ የመጣልን መርዶዋ ነው። እህቴ ጮክ ብላ በአማርኛ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም ትላለች፤ «ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል» ትላለች። መጨረሻ ላይ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአገውኛ፣ ለእናቴ ብቻ የምትላት ነገር ነበር። እናቴ እዚያ ሲደርስ ቴፑን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች እንጂ ለማንም አታሰማም ነበር። ካሴቱ ከመደጋገም ብዛት እያረጀ፣ ሽሽሽ የሚለው ጩኸት ያችን ሹክሹክታ ሊውጣት ደረሰ። ከአገራችን ከደሃና ድረስ በእግር ያስመጣን ይኸው ነው።

እናቴ አማርኛ ስለሚቸግራት ለባለ ቤቱ የነገርኩት እኔ ነኝ። «መጨረሻ ላይ በቀስታ የምትለውን አጉላልን» አልኩት።

ሰውየው በራሱ የሚመካ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሥራውን በተርታ ደርድሮታል፤ መጀመሪያ ጫጫታው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ እኩል ይጎላል። የሠርግ ዘፈንም መዝሙርም በዚያው ያልፋል። «አንዴ አስተካክዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» አለን። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ መስመር አሳየኝ። ከመስመሩ በታች ያለ ዝቅ ያለ ድምፅ በሙሉ ይቆረጣል አለ። ቁልፉን ተጫነና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳያዳምጥ፣ የጠራውን ድምፅ መልሶ እዚያው ካሴት ላይ፣ በአሮጌው ላይ ቀዳው። ያኔ ሁሉም የሚያስቀዳው እንዲህ ነበር፤ ባዶ ካሴት ከየት ይመጣል?

እናቴ ቴፑን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«የታለች ልጄ?» አለችው።

«እናቴ፣ እርስዎ አማርኛ ስለማይሰሙ ነው እንጂ ሁሉም አለ» ብሎ ሳቀ።

የጠፋው በአገውኛ የተባለው እንደሆነ ነገርኩት። «እኔ ያጠፋሁት ጫጫታ ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረ እንዳለ ጠየቅኩት፤ እዚያም አዲሱን በአሮጌው ላይ አስቀምጦታል። በሚቀጥለው ገበያ ስንመጣ የእህቴን ድምፅ በሩ ላይ በሰቀለው ማጉያ ለቆ፣ የሥራውን ጥራት ለደንበኛ ያሳይበት ነበር። «ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል» ትላለች፣ ለአህያ ነጂውም ለበርበሬ ሻጩም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለፈች። ያንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ካሴቱን አልጣለችውም። ማታ ማታ ትከፍተውና፣ አማርኛው አልቆ ፀጥ ሲል ጆሮዋን አስጠግታ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ በአገውኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ነይ» ትላለች፤ «ነይ ልጄ፣ ቤትሽ ነው።»

እህቴ ምን ብላ ለምናት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።